ድፍርስ ውኃና የአሉም ልክ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ክረምት ሲገባ ወንዝ ይደፈርሳል፤ ያኔ ፋብሪካም ይቸገራል። ለማቀዝቀዣ የሚገባው ውኃ ጭቃ ከያዘ ደለሉ ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል፣ ማሽኑም ይግላል። ስለዚህ ውኃው አስቀድሞ በአሉሚኒየም ሰልፌት፣ በተለምዶ አሉም በምንለው፣ ይጣራል። አገራችን ውስጥ አዋሽ መልካሳ ያለው ፋብሪካ ያመርተዋል።

10 በመቶ የአሉም ሙሙት ለማዘጋጀት የፕላስቲክ ታንከር ከግማሽ በላይ ውኃ ይሞላል። ማማሰያው እየዞረ 100 ኪሎ አሉም ቀስ በቀስ ይጨመርና 1000 ሊትር እስኪደርስ ውኃ ይታከልበታል። ተራ የብረት በርሜል አይሆንም፤ ሙሙቱ አሲዳማ ስለሆነ ብረት ይበላል። ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው። «ለአንድ ጊዜ ምን አለበት» የሚል ሠራተኛ ግን አይጠፋም!

ከዚህ ሙሙት ለወንዙ ውኃ ምን ያህል ይጨመር? እዚህ ላይ ግምት አያዋጣም። በስድስት የላቦራቶሪ ብርጭቆዎች አንድ አንድ ሊትር የወንዝ ውኃ ተቀድቶ የተለያየ መጠን ይጨመርበታል። 1 ደቂቃ በፍጥነት፣ 20 ደቂቃ በዝግታ ይማሰላል፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ጭቃው ተያይዞ እንደ እርጎ ፍርፋሪ ወደ ታች ሲወርድ በዓይን ይታያል። የሚመረጠው በትንሽ አሉም የጠራው ብርጭቆ ነው።

አሉም የውኃውን ፒኤች ያወርዳል። በደንብ የሚሠራው ከ6 እስከ 7.5 ባለው ስለሆነ፣ ከዚያ ከወረደ ኖራ ይታከላል። ከልክ በላይ ከተጨመረ ደግሞ የተረፈው አሉሚኒየም እዚያው የማቀዝቀዣው ቱቦ ላይ ይለጠፋል። የውኃ ክፍል ባለሙያዎች ሆይ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ሙከራውን ድገሙት።