ጠጥቶ የማሽከርከር ክስ የሚቀለው መቼ ነው?

ጠጥቶ በማሽከርከር የሚቀርብ ክስ ሁሉ አንድ ክብደት የለውም። ጉዳት ሳያደርስ የተያዘ አሽከርካሪ የሚጠየቀው በትራፊክ ደንብ ነው። ሰው ከሞተ ግን ነገሩ ወደ ኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ይሻገራል።

የዚህ አንቀጽ ንዑስ 2 ሌላውን የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን፣ እንደ ሐኪምና አሽከርካሪ ያለውን ሰው ይመለከታል፤ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር ነው። ንዑስ 3 ደግሞ በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ራሱን ኃላፊነት ወደሚያሳጣ ሁኔታ አስገብቶ ሰው የገደለውን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር ይቀጣዋል። ጣሪያው 15 ዓመት መሆኑ በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 መሠረት ዋስትናንም ጥያቄ ውስጥ ይከታል። «ክሱ ይቅለል» የሚለው ክርክር በአብዛኛው ከንዑስ 3 ወደ ንዑስ 2 የመውረድ ክርክር ነው።

የመጠጡ ነገር ስላልተረጋገጠ ብቻ ግን ክሱ አይወርድም። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የሞተ እንደሆነ፣ ወይም አሽከርካሪው ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ የጣሰ እንደሆነ ንዑስ 3 አሁንም ይሠራል። ከኦሮሚያዋ ካቺሲ ከተማ ገበያ ሲመለስ በጭነት ላይ ሰው የደረበ አይሱዙ ቢገለበጥ፣ ሾፌሩ ጠጅ አልቀመሰም መባሉ ብቻውን አያድነውም።

ዋናው ጭብጥ ማስረጃ ነው። «አፉ አረቄ አረቄ ይሸታል» የሚል ምስክር መጠጣቱን ያሳይ ይሆናል፤ ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው መስከሩን ግን ለብቻው አያስረዳም። ምርመራው በስንት ሰዓት እንደተደረገ፣ አካሄዱና ንግግሩ እንዴት እንደነበር፣ መንገዱና ፍሬኑ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩ መጠየቅ አለበት። በሌላ በኩል፣ ጉበት አልኮልን የሚያስወግደው በዝግታ ነው፤ ቡናም ሆነ አምቦ ውሃ አያፋጥነውም። ሌሊቱን ሲጠጣ ያነጋ ሾፌር ንጋት ላይ መሪ ሲጨብጥ «ለቆኛል» ማለቱ መከላከያ አይሆንም።

መቃወሚያ ካለ ክሱ እንደተነበበ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 130 ይቀርባል። ፍርድ ቤቱም ማስረጃውን መርምሮ፣ የተረጋገጠው ከተከሰሰበት ያነሰ ወንጀል ሆኖ ካገኘው፣ በዚሁ ሕግ አንቀጽ 113(2) በቀላሉ ድንጋጌ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። በአሜሪካ፣ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ፣ ዐቃቤ ሕግና ተከሳሽ ተደራድረው የመጠጥ ክስን ወደ ግድየለሽ ማሽከርከር ማውረድ የቆየ አሠራር ነው። እዚህ ግን የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ድርድርን አያውቀውም፤ ሐሳቡ የገባው በ2003ቱ የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ነው። ስለዚህ «ክሱን አስቀይርላችኋለሁ» ብሎ በር የሚያንኳኳ ጉዳይ አስፈጻሚ የሚወስደው የቤተሰቡን ጥጃና እህል ነው፤ ክስ የማቅለል ሥልጣን የለውም።

ተከሳሹ የመናገር ግዴታ የለበትም፤ ጠበቃ የማቆም አቅም ካጣና ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ከሆነ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ይመደብለታል። በኦሮሚያ ክልል ፍርድ ቤቶች ችሎቱ የሚካሄደው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ቋንቋውን ለማያውቅ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው።

ክሱ ባይወርድ እንኳ ቅጣቱ ሊቀል ይችላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ተጎጂውን መርዳትን፣ ጥፋትን ማመንንና ጉዳትን መካስን ማቅለያ አድርጎ ይቆጥራል። አደጋ ያደረሰ አሽከርካሪ እንግዲህ አይሰወር፤ መጀመሪያ የወደቀውን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ያድርስ፣ ቀጥሎ ለፖሊስ እጁን ይስጥ።