ዜማ ለልብ እንዴት ይናገራል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በዕለተ ስቅለት ግዕዝ የማታውቅ አንዲት እናት በቤተ ክርስቲያን ቆማ ስታለቅስ አይታችሁ ይሆናል። ቃሉ ሳይገባት ምን አስለቀሳት? አንዳንዶች፦ ድምፁ ነው እንጂ ሃይማኖቷ አይደለም ያስለቀሳት ይላሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዕንባዋ ከንቱ ነው ማለት ነውና።

ሰው ሲያዝን ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ይጎተታል፤ ትንፋሹም በመካከል ይቆራረጣል። ደስ ሲለው ግን ከፍ ይላል፤ ይፈጥናል። ሕፃን ቃል ሳያውቅ የእናቱን ቁጣ ከእሹሩሩዋ የሚለየው በዚህ ነው። ዜማም ይህንኑ የሰውን ድምፅ ጠባይ ወስዶ በሥርዓት ያኖረዋል፤ ስለዚህ ጆሮ ትርጓሜውን ሳይጠይቅ ልብ አስቀድሞ ይሰማል።

በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የተነሣው ቅዱስ ያሬድ ዜማውን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ለይቶ ሰጥቶናል። ሦስቱን ለመዘርዘር ጊዜው አይበቃንም፤ አራራይ ግን ስሙ እንደሚነግረን ልብን የሚያራራ ነው። ከፊደሉ በላይ የሚጻፉትን ምልክቶችም ሊቃውንት ከጌታችን ሕማም ጋራ ያያይዙአቸዋል፤ ይዘት መያዙን፣ ሂደት መጎተቱን፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን ነጠብጣብ ያሳስባሉ። እንግዲህ መሪጌታው ድምፁን ሲያንጠባጥብ ያች እናት የምትሰማው ባዶ ድምፅ አይደለም። የማን ሞት እንደ ሆነ ታውቃለች፤ ዜማው ያወቀችውን ከልቧ አወጣው እንጂ አዲስ ነገር አልጨመረባትም። ምሥጢሩን በአማርኛ ተርጕሞ መንገር ደግሞ የእኛ የካህናት ዕዳ ነው።

ነገር ግን ዜማ ልብን ይከፍታል እንጂ አይጠብቅም። ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን እንደ ወጋውና ዜማው እስኪፈጸም ሁለቱም እንዳልተሰማቸው በገድሉ ተጽፏል። ሳኦልም ንጉሥ ነበረ፤ በእጁም ጦር ነበረ። ዳዊት በገና ሲደረድርለት ክፉው መንፈስ ይርቅለት እንደ ነበረ በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 እናነባለን። ሁለት ምዕራፍ ዝቅ ብለን ስንመለከት ግን በገናው እየተመታ ሳለ ያን ጦር በዳዊት ላይ ወረወረው። በገናው ያው፣ ደርዳሪውም ያው ነበረ፤ በልቡ ቅናት ገብቶበት ነበር። ከማኅሌት ወጥቶ የመሪጌታውን ድምፅ ማርነት ብቻ እያደነቀ፣ ከወንድሙ ጋራ ሳይታረቅ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ይህን ምዕራፍ ቢያነብ ይበጀዋል።

በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፤ በካህናቱ እጅ የሚቀረው መቋሚያው ነው። ዝምታውም ራሱ ይናገራል። ጾሙን የጾመ ሁሉ፣ ግዕዝ ቢያውቅም ባያውቅም፣ ከ55 ቀን በኋላ በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመታ ምን እንደ ተባለ ማንንም አይጠይቅም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።