ቀበሮን የሚመልሰው መርዝ ሳይሆን በጊዜ የተዘጋ በር ነው

(በካርቱም ዳርቻ ዶሮና ፍየል ለሚያረቡ ስደተኞች ከተደረገ ንግግር)



በዚህ ሰሞን የአንዳንዳችን ዶሮ፣ የአንዳንዳችን ግልገል ሌሊት እየተወሰደ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አምስት ዶሮ ለባለጸጋ ምንም ላይሆን ይችላል። ለእኛ ግን የልጆች ደብተር፣ የሳሙናና የዘይት መግዣ፣ ሰው ሲታመም የሐኪም ቤት መሄጃ ነው። ስለዚህ ተናደን መርዝ ብናስብ አይፈረድብንም። እኛም አስበን ነበር፤ አድርገነውም ነበር።

ባለፈው ዓመት በአንድ ሌሊት ስድስት ዶሮ አለቀብን። በማግስቱ የተባይ ማጥፊያ መርዝ በሥጋ ለውሰን ከአጥሩ ሥር አኖርን። ሲነጋ ሞቶ ያገኘነው ቀበሮ ሳይሆን የሱዳናዊው ጎረቤታችን ውሻ ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ አንድ ቁራጭ ሥጋ ጎድሎ ስንፈልግ፣ የአራት ዓመት ሕፃን በእጁ ይዞት አገኘነው። ወደ አፉ ሳያደርሰው ፈጣሪ አተረፈን። ሽማግሌ ልከን ጎረቤታችንን ይቅርታ ጠየቅን። እሳቸውም ይቅር ብለውን፣ «ባዕሾም ነገም ይመጣል፤ እናንተ በራችሁን ዝጉ» አሉን። ባዕሾም የሚሉት ቀበሮን ነው።

እውነታቸውን ነው። ቀበሮ አንዱ ቢሞት ሌላው ቦታውን ይይዛል። መርዝ ግን ውሻውን፣ ዶሮውን፣ ልጁንም አይለይም። ዝናብ ቢመጣ ደግሞ ታጥቦ ወደ ውኃችን ይገባል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ሌባውን እንወቅ። ቀበሮ አብዛኛውን ጊዜ አንዷን ዶሮ አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ የሚቀረው የተበተነ ላባ ነው። ውሻ ብዙውን ጊዜ ያገኘውን ሁሉ ነክሶ ገድሎ ሳይበላ ይተዋል። ሸለምጥማጥ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ አንገት ይነክሳል። በቀን ጫጩት የሚወስደው ጭልፊት ነው። ከእኛ ስድስት ዶሮዎች አምስቱ ሳይበሉ ወድቀው ነበር፤ ዛሬ ስናስበው የውሻ ሥራ ይመስለናል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ ውሾችም ባለቤት አጥተው ቀርተዋል። የተራበ ውሻ ከቀበሮ አይተናነስም።

ሁለተኛ ማደሪያውን እናጠንክር። የዶሮው ቤት በጭቃ ጡብም ሆነ በቆርቆሮ ይሠራ፣ ከሥሩ ተቆፍሮ እንዳይገባበት ዙሪያውን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረን ድንጋይ ወይም ጠንካራ ወንፊት ሽቦ እንቅበርበት። ነገር ግን በካርቱም ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ቤቱን ሁሉ ብንደፍነው ዶሮዎቹን የምንገድላቸው እኛው ነን። ከፍ አድርገን መስኮት እንተውና ሽቦ እንምታበት። ቆጡ ከመሬት ከፍ ይበል። በሩ በገመድ ብቻ ሳይሆን በመቀርቀሪያ ይዘጋ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆጥረን እናስገባ፤ ነግቶ ሳይጠራ አንክፈት። ሃቡብ ከነፈሰ በኋላ አጥሩን ዞረን እንይ፤ ነፋሱ የከፈተውን ቀዳዳ ቀበሮ ከእኛ ቀድሞ ያገኘዋል።

ለፍየሎች የግራር እሾህ አጥር ጥሩ ነው፤ ግልገሎች ግን ጠንከር እስኪሉ ሌሊት ከእናታቸው ጋር በተዘጋ ጉረኖ ይደሩ። ፍየል ስትወልድ የእንግዴ ልጁን፣ ዶሮ ስናርድም አንጀቱን በጥልቅ እንቅበር። ደጃችን ላይ የምንጥለው ሥጋ ለአውሬው የግብዣ ጥሪ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው ከውሻ ወደ ዱር አውሬ፣ ከአውሬም ወደ ውሻና ወደ ሰው ይተላለፋል። በዓለም ላይ ከአገራችን በቀር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ እንኳ በ2003 እ.ኤ.አ. በባሌ ተራሮች ከውሾች በተዛመተ በዚሁ በሽታ በብዛት አልቋል። ስለዚህ በቀን ብርሃን ሰው ሳይፈራ የሚመጣ፣ የሚንገዳገድ ወይም ለሐጩን የሚያዝረከርክ ቀበሮም ሆነ ውሻ ካያችሁ ልጆችን አርቁ፤ በዱላ ለመግጠም አትጠጉት። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ዕለት ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። አዲስ አበባ የኖርን ሰዎች ውሻ የነከሰው ሰው ወደ ፓስተር ሲሮጥ እናስታውሳለን። የሚያስሮጠው ምክንያት አለው፤ ክትባቱ የሚያድነው የበሽታው ምልክት ሳይታይ ከተጀመረ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በቤት መድኃኒት ተማምነን አንዲት ቀን አናሳልፍ።

ወገኖቻችን፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ የጮኽነው ስድስት ዶሮ ካለቀ፣ የሰው ውሻ ከሞተ በኋላ ነው። እናንተ ቅደሙ። ሽቦና መቀርቀሪያ መግዛት ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ጉልበቱንም ሁሉም የለውም። ስለዚህ በአገራችን ልማድ መሠረት ደቦ እንግባ። ከመጪው ዓርብ ጀምሮ በየሳምንቱ የአንድ ቤት የዶሮ ማደሪያ አብረን እናጠንክር፤ ብቻቸውን ልጆች ከሚያሳድጉት እናቶች ቤት እንጀምር። መዶሻ ያለው መዶሻ፣ አካፋ ያለው አካፋ ይዞ ይምጣ። መርዝ የገዛ ሰው ካለ ግን ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ቆልፎ ያኑረው፤ በሥጋ አይለውሰው።