ኪቦርዱ ሲበላሽ ደረሰኙ የት ነው?

(በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ሒሳብ ከምንይዘው አባላት የቀረበ ንግግር)



እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ቁጠባችን ነበር። ቁጥሩን ሪፖርቱ ላይ ታገኙታላችሁ። እኛ ዛሬ የምናወራው በላፕቶፓችን ኪቦርድ ላይ ስላለች አንዲት ቁልፍ ነው፤ ስለ ዜሮዋ። በየካቲቱ ስብሰባ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ያልነበራችሁም ሰምታችኋል፤ ወሬው ከአጣና ተራ ተነሥቶ ዓለም ባንክ ሳይደርስ አልቀረም። እንግዲያው ከእኛው አፍ ስሙት።

ያን ቀን የብድር ቀሪ ስም እየጠራን እናነብ ነበር። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናታችን ስማቸው ሲጠራ ተነሡ። «ቀሪ ዕዳ 15,000 ብር» ብለን አነበብን። ዝም አሉ። «አይደለም» አላሉም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ስብሰባው ሲያልቅ ለቡናው ሳይቆዩ ወጡ። ከእኛ አንዷ ልቧ አላርፍ ብሎ ማታውኑ ቤታቸው ሄደች። በቁጠባ ደብተራቸው ላይ በእጅ የተጻፈው 1,500 ብር ነበር። «እትዬ፣ ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» ብትላቸው፣ «ኮምፒዩተሩ ካለ እኔ ምን እላለሁ ልጄ፣ ወለዱ ይሆናል ብዬ ነው» አሏት። ምጣዳቸውን ለመሸጥ ሰው ማጠያየቅ ጀምረው ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። የዜሮዋ ቁልፍ አንዴ ስትነካ አንዳንዴ ሁለቴ ትጽፋለች። ሁልጊዜ ብታደርገው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እንይዛት ነበር፤ ክፋቷ አንዳንዴ መሆኑ ነው። ፊደል ሲደገም ዓይን ያየዋል፤ «ሰላምም» ተብሎ ቢጻፍ ማንም ያርመዋል። ዜሮ ግን አንዴ ስትደገም ዕዳውን ዐሥር እጥፍ ታደርገዋለች፤ መልኩ ላይ ምንም ስሕተት አይታይም። ድምሩንም ማሽኑ ራሱ ስለሚደምረው ስሕተቱ ከድምሩ ጋር ተስማምቶ ቁጭ ይላል። ያን ሌሊት ሁሉንም ከደብተሮቹ ጋር ስናመሳክር ሌላ ሁለት አገኘን። አንዱ የቁጠባ ሒሳብ ነበርና ለባለቤቷ ያዳላ ነበር። ስንነግራት «እሱንስ ብትተዉት ምን አለ?» ብላ አሳቀችን።

«ቡና ደፍታችሁበት ነው እንጂ!» ያላችሁን አለን። አልደፋንም። ቢሆንም ነገሩን ማወቁ ይጠቅማል። ከቁልፎቹ ሥር የኤሌክትሪክ መሥመር የታተመባቸው ስስ የፕላስቲክ ንጣፎች አሉ፤ ቁልፍ ስንጫን መሥመሮቹ ይነካካሉ። መሥመሮቹ በረድፍና በዓምድ የተዘረጉ ስለሆኑ አንዱ ሲበላሽ ብዙ ቁልፎች አብረው ዝም ይላሉ። ስለዚህ ሦስት አራት ቁልፍ በአንድ ጊዜ ከሞተ ብዙውን ጊዜ ፈሳሽ ገብቶ መሥመሩን በልቶታል፣ ወይም ኪቦርዱን ከውስጠኛው ቦርድ የሚያገናኘው ስስ ገመድ ላልቷል። አንዲት ቁልፍ ብቻ ስትታመም ግን አቧራ ነው፣ የቆሎ ፍርፋሪ ነው፣ ወይም ቁልፏ ራሷ ስትሠራ ጀምሮ ጤና አልነበራትም። የኮልፌን አቧራ ለእናንተ አንነግራችሁም።

ይህ የድሃ ማሽን በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 አፕል የተባለው ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ለማክቡክ ላፕቶፑ በጣም ቀጭን የሆነ አዲስ ዓይነት ኪቦርድ አወጣ። ጥቂት አቧራ ሲገባበት ቁልፉ ይጣበቃል፣ ወይም አይጽፍም፣ ወይም ልክ እንደኛዋ ዜሮ ይደግማል። ገዢዎቹ አቤት አሉ። ኩባንያው በ2018 ማሽኑ መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን አንሥቶ እስከ 4 ዓመት ድረስ በነፃ እንደሚጠግን አስታወቀ። በ2019 ወደ ቀድሞው ዓይነት ኪቦርድ መመለስ ጀመረ። በ2022 ደግሞ ገዢዎች ተባብረው ባቀረቡበት ክስ ጥፋቱን ሳያምን 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ገንዘቡ የተመደበው ግን በ7 የአሜሪካ ግዛቶች ውስጥ ለገዙ ሰዎች ብቻ ነበር። ማሽኑም ጉድለቱም አንድ ሆኖ ሳለ የተገዛበት ቦታ ሰዎቹን ለያያቸው። ይህን ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ራሳችን ማሽኖች። ሦስት ላፕቶፖች አሉን። ሁለቱን በጀርመን አገር የሚኖሩ ወዳጆቻችን ገዝተው በሰው እጅ ላኩልን፤ ዜሮዋ የምትደግመው ከእነዚህ አንዷ ናት። ሦስተኛዋን እዚሁ ከተማ፣ ከአንድ ሱቅ፣ በማኅበሩ ገንዘብ ገዛናት።

የጀርመኖቹ መጀመሪያ ላይ ሌላ ጣጣ ነበራቸው። እዚያ አገር ኪቦርድ ላይ «ዋይ» እና «ዜድ» ቦታ ተለዋውጠዋል። እኛ ደግሞ አማርኛ የምንጽፈው በላቲኑ ድምፅ ነውና «ዘነበች» ብለን ስንመታ «የነበች» ይለን ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ተበላሽቷል ብለን ተጨነቅን። ብልሽት አልነበረም፤ ማሽኑ ውስጥ የተመረጠው የኪቦርድ ዓይነት ከላዩ ከተጻፈው ጋር ስላልገጠመ ነው። ስለዚህ ወደ ሠሪ ከመሮጣችሁ በፊት ይህን አድርጉ፦ በዩኤስቢ የሚሰካ ተራ ኪቦርድ ከጎረቤትም ቢሆን ተዋሱና ሰክታችሁ ሞክሩት። በእሱ ሲጻፍ ደህና ከሆነ የታመመው የላፕቶፑ የራሱ ኪቦርድ ነው። በእሱም ያው ከሆነ ነገሩ ብዙውን ጊዜ ከፕሮግራሙ ነው፤ ለምሳሌ የአማርኛው ተከፍቶ ቀርቷል።

ለአማርኛ ጸሐፊ የአንዲት ቁልፍ መሞት ከፈረንጁ ይብሳል። «ኤ» ብትሞት ለፈረንጅ አንድ ፊደል ነው የሚጎድለው። ለእኛ ላም የለም፣ ማም የለም፣ ሳም፣ ናም፤ ራብዑ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። «እማማ» ብላችሁ አትጽፉም።

እዚህ የገዛናት ሦስተኛዋ የታመመችው በ«ኤም» ነበር። መ፣ ሙ፣ ሚ የለም። ማኅበርም መዝገብም መጻፍ አልቻልንም። ያወቅነው በአራተኛው ቀን ነው፤ አንዷ ወዲያው ቁልፏን እየመታች በስልክ ቪዲዮ ቀረጸችው። ነገር ግን በዓል መጣ፣ ሥራ በዛ፣ ሱቁ የሄድነው በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ሻጩ ልጅ ደህና ልጅ ነው፤ «እናቴ፣ እናቴ» እያለ ወንበር ሰጠን። ከዚያ ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ሁላችንም የምናውቀው ጽሑፍ ነው።

እኛ ግን ደረሰኝ ነበረን። ስንገዛ ከእኛ ጋር የነበረች በርበሬና ሽሮ የምትነግድ እህታችን፣ ሻጩ «የ1 ዓመት ዋራንቲ አለው» ሲል፣ «አፍህ ያለውን እጅህ ይጻፈው» ብላ ደረሰኙ ላይ ከነማሽኑ መለያ ቁጥር አስጽፋ ማኅተም አስመትታበት ነበር። ያን ጊዜ አፍረንባታል፤ ልጁን አስጨነቀችው ብለን። ወረቀቱን ስናወጣ የልጁ ድምፅ ተለወጠ። ቴክኒሻን ተጠራ። «ውኃ ገብቶበታል» አለ ገና ሳይከፍተው። «ክፈተውና አሳየን» አልን። ሲከፈት ደረቅ ነበር። ቪዲዮውንም አየ። ጠግነን እንሰጣለን ተባለ። እኛም መለያ ቁጥሩ ያለበት የመረከቢያ ወረቀት ካልሰጣችሁን አንሄድም ብለን ተቀመጥን፤ ተሰጠን። ሦስት ሳምንት ቆይቶ አዲስ ኪቦርድ ተገጥሞለት መጣ። ሦስት ሳምንት ረጅም ነው፤ ቢሆንም አንድ ብር አልከፈልንም።

ከማስረከባችን በፊት መዝገቡን ወደ ፍላሽ ገልብጠን፣ የአባላትን የመታወቂያ ኮፒ ከማሽኑ አጥፍተናል። የማንኛችሁም ምስጢር ሠሪ ቤት አላደረም።

ስለ ሕጉ ያነበብነውን እንንገራችሁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ሸማች የገዛው ዕቃ ጉድለት ቢገኝበት ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የግድግዳው ጽሑፍ ይህን አይሽረውም። እኛ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ደረስን፤ በዓሉ ትንሽ ቢረዝም ኖሮ አልፎን ነበር። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዋጁ «ሸማች» የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ የሚገዛን የተፈጥሮ ሰው ነው። ለልጇ ላፕቶፕ የምትገዛ እናት ሸማች ናት። ማኅበር በማኅበር ስሙ ሲገዛ ግን ሻጩ «እናንተ ሸማች አይደላችሁም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሁሉም ገዢ ዋስትና ይሰጣል፤ ግን ገዢው ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን እንዳየ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል፤ ያኔም ክርክሩ ፍርድ ቤት ሊደርስ ነው። ስለዚህ ለእኛ ለማኅበሮች ከሁሉ የሚሻለው ያቺ የበርበሬ ነጋዴዋ ያስጻፈቻት መሥመር ናት።

ለምን ዜሮዋንስ እንደ «ኤሟ» አላስጠገናችሁም ትሉ ይሆናል። ሞክረን ነበር። ከማሽኑ ሆድ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ አስገብተን ስናይ የአምራቹ ዋስትና ገና አላለፈም፤ የሚሠራው ግን በተገዛበት አካባቢ ብቻ ነበር። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሻጩ ራሱ ለ2 ዓመት ተጠያቂ ነው፤ ጀርመንም እንደዚያው። ግን ሱቁ ዘንድ መቅረብ፣ ከዚያው መገዛቱንም ማስረዳት ያስፈልጋል። ወዳጃችንን ደወልን፤ በጣም አዘነች፤ ደረሰኙን ቤት ስትቀይር ጥላዋለች። ዘመድ ተፈልጎ ማሽኑ በሻንጣ ይመለስ ብንልም የምንይዘው ወረቀት የለም። ኪቦርዱን ለብቻው ለመቀየር ስንጠይቅ ደግሞ ከላይኛው ክዳን ጋር አብሮ የተጣበቀ ነው፤ ክዳኑ በሙሉ ይቀየራል ተባለ። ዋጋውን ስንሰማ ተያየን። አሁን ያቺ ማሽን የምትሠራው በዩኤስቢ በተሰካ ኪቦርድ ነው፤ ጠረጴዛችን ጠባብ ስለሆነ አንዷ ስትጽፍ ሌላዋ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ታደርጋለች።

ይህን ሳንደብቅ የምንነግራችሁ ለጋሾቻችን፣ ቅር እንዳትሰኙብን ነው። ማሽኖቹ ባይኖሩ ዛሬም በካርቦን ወረቀት ነበርን። የምንጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ስትልኩልን ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ያኑኑ ቀን ላኩልን፤ ዋናውንም እናንተ ጋ አኑሩት። ከመግዛታችሁ በፊት ዋስትናው ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ እንደሆነ ሻጩን ጠይቁ። የማይሠራ ከሆነና ብትፈቅዱ፣ ገንዘቡን በማኅበሩ ሒሳብ አስገቡና እዚሁ በጽሑፍ ዋስትና እንግዛ፤ ደረሰኙን እኛ እንልክላችኋለን። ዋጋው እዚህ ሊወደድ እንደሚችል እናውቃለን። የሚያዋጣው የቱ እንደሆነ አብረን እናስላ።

እኛም የለወጥነው ነገር አለ። ማንኛውም ማሽን በገባ ቀን ሁለት ሆነን እያንዳንዷን ቁልፍ ሃያ ሃያ ጊዜ እንመታለን፤ ዜሮን ሃምሳ ጊዜ። ላፕቶፑ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ቡናም ቆሎም አይቀርብም፤ በዚህ የተቀየማችሁን እንዳላችሁ ሰምተናል፣ ሲኒያችሁ እበረንዳው ላይ ይጠብቃችኋል። ቀሪ ሒሳብም ከአሁን በኋላ ከስክሪን ብቻ አይነበብም። የአባሏ ደብተር አጠገቡ ተከፍቶ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ገጥመው፣ ከዚያ ነው የሚነበበው። ካልገጠሙ ስም አይጠራም፤ እቤቷ ሄደን እንጠይቃታለን። በዚያ ቀን ዝም ብለው የተቀመጡት እናታችን ይህን ሲሰሙ «እኔስ ብሆን ሁለተኛ ዝም አልልም» ብለውናል። ብድራቸውን በሚያዝያ ጨርሰዋል፤ ምጣዱም ከቤታቸው አልወጣም።

የሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚሁ አዳራሽ እንገኛለን። ለልጆቻችሁ ላፕቶፕ የገዛችሁ ማሽኑንም ደረሰኙንም ይዛችሁ ኑ። ቁልፎቹን አብረን እንመታለን፣ መለያ ቁጥሩን ወረቀት ላይ እንጽፋለን፣ የደረሰኙን ፎቶ ስልካችሁ ላይ እናስቀምጣለን። በተለይ ከገዛችሁ 15 ቀን ያልሞላችሁ ካላችሁ ቅዳሜን አትጠብቁ፤ ነገ ጠዋት እኛው ቤት ኑ።