ደረስጌ፣ ጋፋትና የተረሳው ምድጃ



ስለ ማዕድንና ብረታ ብረት ታሪካዊ ድራማ ይጻፍ ቢባል፣ ሩቅ አገር መሄድ የሚያስፈልገን አይመስለኝም። ዳባትን አልፎ ከደባርቅ ወደ ጃን አሞራ የሚያቀና መንገደኛ ደረስጌ ማርያምን ያገኛል። ደጃዝማች ውቤ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ለራሳቸው ንግሥ አስበው ነው ይባላል። ዳሩ ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. እዚያው ደረስጌ ላይ ድል ሆኑና፣ ባላንጣቸው ካሣ ኃይሉ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ንጉሡ፣ ውቤን በእስር እንደያዙ፣ ልጃቸውን ወይዘሮ ጥሩወርቅን አገቡ፤ ልዑል ዓለማየሁም ተወለደ። ባላንጣነቱም ፍቅሩም (ፍቅር ከተባለ) ከዚህ አለ።

የእኔ ቅሬታ ምድጃው ከመድረክ መቅረቱ ነው። ውቤ ትግሬን ስለያዙ ከምጽዋ በኩል ጠመንጃ ያስገቡ ነበር፤ ካሣ ይህ በር አልነበራቸውም። ከነገሡ በኋላ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ ለወንጌል የመጡትን የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎች መድፍ አፍስሱ ብለው መያዛቸው ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል።

ለእኛ ልብ የሚያንጠለጥለው ትዕይንት ይህ ነው። የሰሜንና የወገራ ቀጥቃጭ በከሰልና በወናፍ ከሚያነደው ትንሽ ምድጃ የሚያወጣው ብረት፣ ተቀጥቅጦ የሚጠራ ጓል እንጂ እንደ ውሃ የሚፈስ አይደለም። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ለማፍሰስ ግን ያ ሁሉ ብረታ ብረት አንድነት ቀልጦ፣ ሳይበርድ ወደ ቅርጹ መግባት ነበረበት። ከዚያም መንገድ እየተጠረገ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ከ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ መጋቢት መቅደላ ለመድረስ ተጎተተ።

ደራሲ ሊያልፈው የማይገባ ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል የነበሩት የዚያ አገር ቀጥቃጮች የገበሬውን ማረሻ እየሠሩ «ቡዳ» ይባሉ ነበር፤ ከእነርሱ ጋር መጋባትማ የማይታሰብ ነው። ንጉሡም ቢሆኑ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብለው የተሰደቡ ናቸው፤ የመኳንንት ዘር የሆኑት እቴጌም ይንቋቸው እንደነበር ይነገራል። በእጅ ሥራ የሚናቅ ባለሙያና በእናቱ የሚናቅ ንጉሥ በአንድ ምድጃ ፊት ቢገናኙ ምን ይባባሉ ይሆን? ይህን የሚጽፍልን ደራሲ ቢገኝ፣ የምድጃውን አሠራር እኛ እናስረዳዋለን።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው። እቴጌ ጥሩወርቅ ግን ንጉሡ በሞቱ በወሩ ገደማ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በመንገድ ዐረፉ።