የተለወጠ ዘርና የእንሰት ጓሮ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ የተነገረ)



የዓለም ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. 8 ቢሊዮን ደርሷል፤ በ2050 ወደ 9.7 ቢሊዮን እንደሚጠጋ ይገመታል። ይህን ሁሉ ሰው ምን ያበላዋል? ቢባል፥ አንዱ ወገን «ዘረ መላቸው በሊቃውንት እጅ የተለወጠ ሰብሎች» ይላል፤ ሌላው «እነርሱማ ገበሬውን የባዕድ ነጋዴ ጥገኛ ያደርጉታል» ይላል። እኛ ግን ክርክሩን ከራሳችን ገበታ ብንጀምረው ይሻላል እንላለን።

በአገራችን 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ኑሮው በእንሰት ላይ ነው። ዝናብ በሚጠፋበት ዘመን እንኳ ቆጮው ከጓዳ አይታጣም። ነገር ግን አጠውልግ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ፥ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ ጽሑፍ ከተመዘገበ ወዲህ፥ ብዙ ጓሮ ባዶ አስቀርቷል። የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ገበሬው በቆረጠበት ቢላዋ ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው ይሻገራል።

የእንሰት ዘመድ የሆነው ሙዝም በዚሁ በሽታ ይጠቃል። በኡጋንዳ ሊቃውንት ከማያቃጥል ቃሪያ የወሰዱትን ዘረ መል ወደ ሙዝ አዛውረው በመስክ ፈተኑት። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ውጤት፥ ከተለወጡት ሙዞች አንዳንዶቹ በሽታውን ፈጽመው ተቋቁመዋል። እንግዲህ ለእንሰትም ተስፋ አለ ማለት ነው።

በአገራችን ለእርሻ የተፈቀደው የመጀመሪያው የተለወጠ ሰብል ግን፥ እ.ኤ.አ. በ2018፥ ጥጥ ነው። ጥጥ አይበላም፤ ዘሩም ዲቃላ ስለ ሆነ በየዓመቱ ይገዛል። እንሰት እንዲህ አይደለም። አሚቾው መኻሉ ተቦርቡሮ ሲቀበር ብዙ ችግኝ ያበቅላል፤ ጎረቤትም ለጎረቤት ይሰጠዋል። በሽታን የሚቋቋም እንሰት አንድ ጊዜ ቢገኝ ከጓሮ ወደ ጓሮ ያለ ሻጭ ይሄዳል። ትርፍ የሚሻ ኩባንያ ስለማይደክምለት፥ ሥራው የሕዝብ ገንዘብና የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ለሰውና ለምድር ደኅና መሆኑ ሳይመረመር አይሰጥ። አንዱ የተለወጠ ዓይነት፥ እናቶቻችን ለቆጮ፥ ለቃጫ፥ ለመድኃኒት ለይተው ያቆዩአቸውን ብዙ ዓይነቶች እንዳያጠፋ፥ እነርሱም በምርምሩ ይጠየቁ።

ስለዚህ መምህሮቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲሰጡ እንሰትን እንዲያስቡልን እንለምናለን። እናንተም ጓደኞቻችን፥ ለዕረፍት ወደ እንሰት አገር የምትሄዱ፥ የታመመው ተነቅሎ እንዲቀበር፥ ቢላዋውም በእሳት እንዲለበለብ አስተምሩ፤ አዲሱ ችግኝ እስኪደርስ ጓሮውን የሚያቆየው ይኸው ነውና።