ሳይሞከር የታዘዘው ታንክ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ሰነፍ ሰው ቢሳሳት አያስደንቅም፤ ብልህና ትጉህ ሰው ሲሳሳት ግን ምክንያቱን መርምሮ ማወቅ ይገባል። ስለዚህ ዛሬ የምናወሳላችሁ እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለ ሠሩት፥ ኮቨናንተር ስለ ተባለው ታንክ ነው። ይህ ታንክ ከ1,700 በላይ ተሠርቶ ሳለ፥ ከጠላት ታንክ ጋር ፊት ለፊት ለመግጠም ሳይበቃ ቀርቷል።

በ1930ዎቹ ዓመታት (ዘመኑን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የእንግሊዝ ጦር ታንኮችን በሁለት ወገን ከፍሎ ነበር። አንደኛው ወገን ብረቱ ወፍራም፥ አካሄዱ ዝግ ያለ፥ ከእግረኛ ወታደር ጋር እያዘገመ ምሽግ የሚሰብር ነው። ሁለተኛው ክሩዘር ይባላል፤ ስሙም ከባሕር ኀይል ፈጣን የጦር መርከብ የተወሰደ ነው። የዚህኛው ተግባር ቀድሞ ፈረሰኛ ይፈጽመው የነበረው ነው፤ በተከፈተው በር በፍጥነት ገብቶ የጠላትን ጎንና ጀርባ ያውካል። በ1936 ማርቴል የተባሉ የእንግሊዝ መኮንን በሶቪየት ኅብረት የጦር ልምምድ ሲመለከቱ፥ ክሪስቲ በተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ንድፍ መነሻነት የተሠሩ ታንኮች በሜዳ ላይ ሲጋልቡ አይተው እጅግ ተደነቁ። እንግሊዞችም ከክሪስቲ አንድ ታንክ ገዝተው፥ የታላላቆቹን ጎማዎችና የሞላዎቹን አሠራር ከዚያ ቀዱ።

ከዚህ ዘር አምስተኛው ክሩዘር ኮቨናንተር ነው። ንድፉን ያወጣው የለንደን፥ የሚድላንድና የስኮትላንድ የባቡር ሐዲድ ኩባንያ ነበር። ዋናው አሳብ ታንኩ ዝቅ ያለ እንዲሆን ነው፤ ቁመቱ ያጠረ ታንክ ከጠላት ዐይን በቀላሉ ይሰወራልና። በዚህ አሳብ ስሕተት አይገኝበትም። ታንኩ ዝቅ እንዲል ግን ሞተሩም ዝቅ ማለት ነበረበት፤ ስለዚህ ሜዶውስ የተባለው ፋብሪካ 12 ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተኙ ጠፍጣፋ ሞተር አዘጋጀ። ጠፍጣፋው ሞተር በጎኑ ተንሰራፍቶ የኋላውን ክፍል ስለ ያዘው፥ ለራዲያተሩ ስፍራ ታጣ። ራዲያተሩም ወደ ፊት ተወስዶ በነጂው ግራ በኩል ተቀመጠ።

እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉ። ሞተሩ ከኋላ፥ ማቀዝቀዣው ከፊት ሲሆን፥ የጋለው ውኃ ወታደሮቹ በተቀመጡበት ክፍል መካከል በቧንቧ መመላለስ ግድ ሆነበት። ሞተሩ በሚገባ አይበርድም፤ በውስጡ ያሉት አራት ወታደሮችም በቧንቧው ሙቀት ይጨነቃሉ። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ቢታይ በቂ ምክንያት ነበረው፤ የሁሉ ድምር ግን የማይሠራ ታንክ ሆነ።

ይህ ጕድለት በሙከራ ጊዜ ሊታወቅ በተቻለ ነበር። ዳሩ ግን በ1939 ጦርነት መቃረቡ ስለ ታወቀ፥ መንግሥት ናሙናው ተሠርቶ ሳይታይ በወረቀት ባለው ንድፍ ብቻ ታንኩ እንዲሠራ አዘዘ። ናሙናው በ1940 ሲደርስ ፋብሪካዎቹ ለሥራው ተሰናድተው ነበር። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ከዳንከርክ በባሕር ሲያፈገፍግ፥ ታንኮቹን ከጥቂቶቹ በቀር በፈረንሳይ አገር ጥሎ ተመለሰ። ደሴቲቱ ወረራን ስትጠባበቅ ሳለ፥ «ይህ ታንክ ይግላልና ሥራው ይቁም» ብሎ የሚፈርም ባለሥልጣን ከወዴት ይገኛል? አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ እነዚህ ሰዎች ግን የፈሰሰውን ለመልቀም እንኳ ጊዜ አላገኙም።

ችግሩም በዚህ አላበቃም። ጎማዎቹ ከአሉሚኒየም እንዲሆኑ ታስቦ ሳለ፥ አሉሚኒየሙ ለአውሮፕላን ሥራ ስለ ተፈለገ በብረት ተለወጡ፤ ክብደትም ተጨመረ። የ40 ሚሊ ሜትር መድፉም የጀርመን ታንኮች ብረት እየወፈረ በሄደ ቍጥር ዐቅሙ አነሰ።

ማቀዝቀዣው ደጋግሞ ቢታረምም ፈጽሞ ሊድን አልቻለም። በእንግሊዝ አገር ብርድ የሚግለውን ታንክ ለሰሜን አፍሪካ በረሓ ውጊያ ማሰለፍ አልተቻለምና፥ በአገር ውስጥ ቀርቶ የወታደሮች መማሪያ ሆነ። አገራቸው በጠላት የተያዘባቸው የፖላንድ ወታደሮችም ተለማመዱበት። በ1943 ከአገልግሎት ውጪ እንዲሆን ተወሰነ። ጦር ሜዳ የደረሰው መድፉ ተነሥቶ ድልድይ ተሸካሚ የተደረገው ዐይነት ነው፤ በዚህም የአውስትራሊያ ወታደሮች በ1945 በቡገንቪል ደሴት ተገልግለውበታል።

ኮቨናንተር ማለት «የቃል ኪዳን ሰው» ማለት ነው፤ በ17ኛው መቶ ዓመት ስለ ሃይማኖታቸው በቃል ኪዳን የተሳሰሩ ስኮትላንዳውያን በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ታንኩ ግን የተጣለበትን ተስፋ ሊፈጽም አልቻለም። የጠፋው ብረትና የሠራተኛ ድካም ብቻ አይደለም፤ አገር በጭንቅ ሳለች፥ የሚዋጋ ታንክ ሊሠራበት የሚችል ጊዜም አብሮ ጠፍቷል።

ዛሬ በዶርሴት አውራጃ፥ በቦቪንግተን የታንክ ሙዚየም አንድ ኮቨናንተር ይታያል። እኛ በሰላም ተቀምጠን፥ በጭንቅ ቀን የፈረሙትን ሰዎች ልንዘብትባቸው አይገባንም። ነገር ግን፥ አንባብያን ሆይ፥ የድልድይም ሆነ የወፍጮ፥ የትምህርት ቤትም ሆነ የጕድጓድ ውኃ ንድፍ ቀርቦ ፈርሙ በተባላችሁ ጊዜ፥ ስለ መልኩና ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቃችሁ በፊት «ይህ ነገር በሥራ ላይ ተሞክሯልን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ እስኪመጣ ብዕራችሁን ብታቈዩ፥ ሥራ አዘገያችሁ ብሎ የሚነቅፋችሁ ሰው አይታጣም፤ ቢሆንም ታገሡት።